«እስልምና ሰባት ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በካራ ቆሬና በወለቴ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። እኔም ጋ ደርሶ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው እስልምና አንድ ሃይማኖት አይደለም፣ ሰባት ቦታ ተከፍሏል ይላሉ። ሰባቱንም ይዘረዝራሉ፦ ሱኒ፣ ሺዓ፣ ሱፊ፣ ሻፊዒ፣ ሐነፊ፣ ወሃቢ እና አሕባሽ።

ከዚያ ክርክራቸው ይቀጥላል። ሰባቱ የሚስማሙበት የእስልምና ትርጉም የለም ይላሉ። ሱኒና ሺዓ ከጥንቱም ሁለት የተለያዩ እምነቶች ናቸው ይላሉ። መዝሀቦቹ (ሻፊዒና ሐነፊን የመሰሉ የሃይማኖት ሕግ መንገዶች) እርስ በርስ የሚጣሉ ቡድኖች ናቸው ይላሉ። የኢትዮጵያ ነባር እስልምና ሱፊ ብቻ ነው፣ ሌላው መጤ ነው ይላሉ። መጨረሻ ላይ ምክር ይሰጣሉ። በሰፈራችሁ መስጊድ የሚሰግደው ሰው ከሰባቱ የትኛው እንደሆነ አጣሩ፤ እጁን አጣጥፎ ነው ወይስ አውርዶ የሚሰግደው ብላችሁ ተመልከቱ ነው ምክሩ።

ዝም ብዬ እንዳላልፍ ያደረገኝ ይሄ ምክር ነው። የእኛ አካባቢ ከየቦታው የተሰባሰበ ሰው የሚኖርበት ነው። ከአየር ጤና ወጥቶ በካራ ቆሬ በኩል ዓለም ገና የሚደርሰው መንገድ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጅማ፣ አንዱ ወደ ቡታጅራ። የሁለቱም መንገድ ሰው እዚህ ቤት ሠርቷል ወይ ተከራይቷል። ስልጤው፣ ጉራጌው፣ የጅማው ሰው፣ ከወሎ የመጣው ነጋዴ፣ ከሐረርጌ የመጣው ሾፌር በአንድ የቆርቆሮ መስጊድ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይሰግዳል። እንዲህ ባለ ሰፈር «አጣሩ» ማለት ጎረቤትን በጎረቤት ላይ ማስነሳት ነው። በ2015 ዓ.ም በከተማው ዙሪያ መስጊዶች ሲፈርሱ ያለቀሰው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ነው ያለቀሰው። ያኔ ማንም የማንንም መዝሀብ አልጠየቀም።

ከትርጉሙ ልጀምር። እስልምና ምንድን ነው ተብለው ቢጠየቁ ሰባቱ ሰባት መልስ ይሰጣሉ ብለዋል ጸሐፊው። አይሰጡም። መልሱ ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ኢማም ሙስሊም ከዑመር ኢብኑል ኸጣብ በዘገቡት ሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ሥራ ዘገባ)፣ ነጭ የለበሰ፣ ጸጉሩ የጠቆረ፣ የመንገድ ምልክት የማይታይበት እንግዳ መጥቶ ነቢዩን ጉልበቱን ከጉልበታቸው አስጠግቶ ይጠይቃቸዋል። ስለ እስልምና ሲጠይቅ አምስቱን ነገሩት፦ ከአላህ በስተቀር አምላክ እንደሌለና ሙሐመድ መልእክተኛው እንደሆኑ መመስከር፣ ሶላት፣ ዘካ፣ የረመዳን ጾም፣ ለቻለ ደግሞ ሐጅ። ስለ ኢማን ሲጠይቅ በአላህ፣ በመላእክቱ፣ በመጻሕፍቱ፣ በመልእክተኞቹ፣ በመጨረሻው ቀንና በቀደር (በአላህ ውሳኔ) ማመን አሉት። ስለ ኢሕሳን ሲጠይቅ አላህን እንደምታየው ሆነህ ማምለክ ነው፣ ባታየው እንኳ እሱ ያይሃል አሉት። እንግዳው ሲሄድ መልአኩ ጅብሪል መሆኑን ለሰሐባዎቻቸው (ለባልደረቦቻቸው) ነገሯቸው።

ይህን ሐዲስ ሻፊዒውም ሐነፊውም ያስተምረዋል። የሱፊው ሸይኽ ሐድራ (የውዳሴና የጸሎት ጉባኤ) ላይ ያወሱታል፣ ሰለፊው (ጸሐፊው ወሃቢ ያሉት) ኡስታዝ ደርስ (ትምህርት) ላይ ያብራራዋል። ሺዓዎች የእምነት መሠረቶችን አቆጣጠር በሌላ መንገድ ያደርጉታል፤ የኢማሞችን (ከነቢዩ ቤተሰብ የሆኑ መሪዎችን) ሥልጣን እዚያ ውስጥ ያስገባሉ። ግን ሶላቱ፣ ጾሙ፣ ዘካውና ሐጁ እነሱም ጋ አለ። 114 ሱራ (ምዕራፍ) ያለው ያው ቁርኣን ነው የሚቀሩት፣ ወደ ያው ካዕባ ነው የሚዞሩት።

የጸሐፊው ዝርዝር ትልቁ ችግርም እዚሁ ሐዲስ ላይ ይታያል። ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) የሃይማኖቱን ትምህርት በእነዚህ ሦስት ክፍሎች አደራጅተውታል። የሶላት፣ የጾም፣ የጋብቻና የንግድ ሕግ ፊቅህ ይባላል፤ መዝሀብ ያለው እዚያ ነው። የእምነቱ ትምህርት ዐቂዳ ነው። ልብን የማጥራቱ ትምህርት ተሰዉፍ ነው፤ ሱፊዎችና ጠሪቃዎች (የሱፊ መንገዶች) የሚመጡት ከዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በዐቂዳው ሱኒ፣ በፊቅሁ ሻፊዒ፣ በጠሪቃው ቃዲሪ ሊሆን ይችላል። በሐረር፣ በወሎ፣ በስልጤና በጉራጌ ኪታብ ሲያስቀሩ የኖሩ ብዙ ሸይኾች ሦስቱንም የያዙ ነበሩ። በጸሐፊው ቆጠራ ግን እንዲህ ያለው ሸይኽ ብቻቸውን ሦስት እስልምና ይሆናሉ። ሻይ፣ ስኳርና ብርጭቆ ደርድሮ ሦስት ዓይነት ሻይ አለ እንደማለት ነው።

ሱኒና ሺዓ ግን በእርግጥ ሁለት ናቸው። ይህን መካድ አያስፈልግም። ጸሐፊው የሳቱት መነሻውን ነው። ነቢዩ እ.ኤ.አ በ632 ሲያርፉ የተነሳው ጥያቄ ማን ይምራን የሚል ነበር። አብዛኛው ሰሐባ አቡ በክርን መረጠ፤ ከእሳቸው በኋላ ዑመር፣ ዑስማን፣ ከዚያ ዐሊ ተከተሉ። የዐሊ ወገኖች መሪነቱ ከመጀመሪያው ለነቢዩ የአጎት ልጅና አማች ለዐሊ፣ ከእሳቸውም ለዘራቸው ይገባ ነበር አሉ። በ680 የዐሊ ልጅ ሑሴን ከርበላ ላይ ከቤተሰባቸውና ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር ሲገደሉ ቁስሉ ጠለቀ። ኢማሞች ከስህተት የተጠበቁ ናቸው የሚለውና ሌሎቹ የዐቂዳ ልዩነቶች ከዚያ ወዲህ ነው እየጎለበቱ የመጡት። መነሻው የአመራር ጥያቄ ነው። አንዱ አላህን ሌላው ሌላ አምላክን ያመለከበት ጊዜ የለም።

ሺዓም ራሱ አንድ አይደለም። ኢራንና ኢራቅ ውስጥ የሚበዙት አሥራ ሁለት ኢማሞችን የሚከተሉት ናቸው። ኢራን ይህን መንገድ የመንግሥት ያደረገችው በሰፈቪዎች ዘመን፣ ከ1501 ጀምሮ ነው። ኢስማዒሊዎች አሉ፤ ካይሮን የቆረቆሩት ፋጢሚዎች የእነሱ ወገን ነበሩ። ለእኛ በጣም የሚቀርቡት ግን ዘይዲዎች ናቸው። ከቀይ ባሕር ማዶ የመን ላይ፣ ኢማሞቻቸው እስከ እ.ኤ.አ 1962 ድረስ ሰሜኑን ገዝተዋል። በፊቅህ ከሱኒ ጋር ብዙም አይራራቁም። ሺዓ በጠቅላላው ከዓለም ሙስሊም ከ10 እስከ 13 በመቶ ገደማ እንደሚሆን ይገመታል፤ ቀሪው ሱኒ ነው ማለት ይቻላል።

ማለት ይቻላል ያልኩት ጸሐፊው ጨርሰው የዘለሏቸው ስላሉ ነው። ኢባዲዎች ሱኒም ሺዓም አይደሉም። ዑማን ውስጥ ናቸው፤ አልጄሪያ ምዛብ፣ ቱኒዚያ ጄርባ ደሴት ላይም አሉ። እስልምናን ቦታ ቦታ ከፍለው የሚያሳዩ ሰው፣ በእውነት ለብቻው የቆመውን ወገን ረስተው ሻፊዒና ሐነፊን ለየብቻ መቁጠራቸው ዝርዝሩ በምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደተሠራ ይናገራል።

አሁን ወደ መዝሀቡ። እዚህ ላይ ረዘም ማለት እፈልጋለሁ፣ በሰፈራችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚደናገረው በዚሁ ነውና። የሱኒ መዝሀቦች አራት ናቸው። አቡ ሐኒፋ በ767 አረፉ፣ ማሊክ በ795፣ ሻፊዒ በ820፣ አሕመድ ኢብን ሐንበል በ855። ጠላቶች ነበሩ ይሉናል ጸሐፊው። ሻፊዒ መዲና ሄደው ማሊክ ፊት ተቀምጠው ተማሩ። ከአቡ ሐኒፋ ትልቅ ተማሪ ከሙሐመድ አሽ-ሸይባኒም ተማሩ። አሕመድ ደግሞ ከሻፊዒ ተማሩ። ሰንሰለቱ የመምህርና የተማሪ ነው። ኸሊፋው መንሱር የማሊክን ትምህርት በግዛቱ ሁሉ ላይ ልጫን ብሎ ሲጠይቅ ማሊክ እምቢ እንዳሉ ይነገራል። የነቢዩ ሰሐባዎች በየአገሩ ተበትነዋል፣ ሰው ሁሉ የደረሰውን ይዞ ይሠራበታል፣ ተወው አሉት። ጠብ የፈለገ ሰው ሥልጣን ሲሰጠው እንዲህ አይመልስም።

ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሱብሒ (የንጋት ሶላት) ላይ ቆይተህ ብትሰግድ ይታይሃል። ሻፊዒው ኢማም ከሁለተኛው ረከዓ (የሶላት ዙር) ሩኩዕ (ማጎንበስ) ተነስቶ እጁን ዘርግቶ ቁኑት (ልዩ ዱዓ) ያደርጋል፤ ሐነፊው አያደርግም፣ የእሱ ቁኑት ዊትር (የሌሊቱ መዝጊያ ሶላት) ላይ ነው። ሻፊዒው ፋቲሓ (የቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ) ሲያልቅ «አሚን»ን ጮክ ይላል፤ ሐነፊው ቀስ ይላል። የዐስር (የከሰዓት በኋላ ሶላት) ወቅት በሻፊዒ የአንድ ነገር ጥላ ቁመቱን ሲያክል ይገባል፣ በአቡ ሐኒፋ ዘንድ ሁለት እጥፍ ሲሆን ነው። ሚስቱን በእጁ የነካ ሻፊዒ ውዱዑን (የሶላት ትጥበቱን) ያድሳል፣ ሐነፊው አያድስም። ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው። ከእነዚህ በአንዱም ምክንያት አንዱ ሌላውን ከእስልምና አላስወጣም። በአገራችን ሻፊዒ በስፋት አለ፣ ሐነፊም አለ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ሲኬድ ማሊኪም አለ። ከወሎ የመጣው ሐነፊ ከሐረር የመጣውን ሻፊዒ ተከትሎ ሲሰግድ ሶላቱ ሶላት ነው። ልጆቹ ቁኑቱን አይተው «አባ፣ ለምን እንዲህ ያደርጋል?» ቢሉት አንድ ምሽት አስረድቶ ይጨርሳል።

ነባርና መጤ የሚለው ነገር ደግሞ የጽሑፉ ልብ ነው፤ አደገኛውም ክፍል እሱ ነው። ሱፊው ነባር፣ ሌላው መጤ ከተባለ፣ ሌላው የሚባለው ወጣት ልጄና ጎረቤቴ ነው።

ሱፊ በዚህ አገር ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ። በባሌ ድሬ ሼህ ሁሴን፣ በወሎ ጀማ ንጉሥና ዳና፣ በጉራጌ አብሬት፣ በስልጤ አልከሶ፣ እነዚህ ቦታዎች ባይኖሩ ቁርኣንና ኪታብ ወደ ገጠሩ ሕዝብ እንዲህ ባልዘለቀ ነበር። መንዙማው ፊደል ያልቆጠረችውን እናት ሃይማኖቷን አስተምሯታል። ቃዲሪያው በሐረርና በወሎ፣ ቲጃኒያው በጅማ በኩል ስሙ ታላቅ ነው። ጸሐፊው በነካ እጃቸው አሕመዲያ የሚባለውን ጠሪቃ ሕንድ ውስጥ ከተነሳው ጋር አደባልቀውታል። እኛ ጋ ያለው የሞሮኮው ሸይኽ የአሕመድ ኢብን ኢድሪስ ጠሪቃ ነው፤ እሳቸው በ1837 ነው ያረፉት። የሕንዱ በ1889 የተነሳ ሌላ እንቅስቃሴ ነው።

ግን ዕድሜ መለኪያ ከሆነ እንቁጠር። ሰሐባዎቹ በ615 አካባቢ ወደ ነጃሺ አገር ሲመጡ ሱኒ የሚባል ስም አልነበረም፣ ሻፊዒ አልተወለዱም። ነጃሺ ፊት ቆመው የመርየምን ሱራ የቀሩት ጃዕፈር፣ ሺዓዎች በስማቸው የሚጠሩባቸው የዐሊ ወንድም ናቸው። ቃዲሪያው የሚጠራባቸው ዐብዱልቃዲር ጀይላኒ ባግዳድ ላይ ያረፉት በ1166 ነው። ከሰሐባዎቹ አምስት መቶ ዓመት ያልፋል። የቲጃኒያው አሕመድ ቲጃኒ በ1815 ፌዝ ላይ አረፉ፤ ጠሪቃቸውን የጀመሩት በ1780ዎቹ ነው። ወሃቢ የሚለው ስም የመጣባቸው ሙሐመድ ኢብን ዐብዱልወሃብ ደግሞ የዛሬዋ ሳዑዲ ነጅድ ውስጥ ዲርዒያ ላይ ከሙሐመድ ኢብን ሱዑድ ጋር የተስማሙት በ1744 ነው። በዓመት ከሆነ፣ ጸሐፊው መጤ ያሉት ነባር ካሉት ከቲጃኒያው ይቀድማል። ወደ አገራችን የገባበትን ጊዜ ነው የምለው ካሉም፣ ሁሉም ከውጭ ነው የገባው። ቃዲሪያው ከባግዳድ፣ ቲጃኒያው ከመግሪብ።

ሌላም አለ። ዐብዱልቃዲር ጀይላኒ በመዝሀባቸው ሐንበሊ ነበሩ። ሙሐመድ ኢብን ዐብዱልወሃብም ሐንበሊ ናቸው። ሰለፊዎች አብዝተው የሚጠቅሷቸው ኢብን ተይሚያ የጀይላኒን ንግግር አክብረው ማብራሪያ ጽፈውበታል። ስለዚህ መስመሩ ጸሐፊው እንዳሰመሩት ቀጥ ያለ አይደለም። ልዩነት የለም ግን አልልም። በመውሊድ፣ በዚያራ (የመቃብር ጉብኝት)፣ በወልዮች (በቅዱሳን) መማጸን ላይ ልዩነቱ ጠንካራ ነው። አንዱ ወገን በረካ ሲለው ሌላው ቢድዐ (ሃይማኖት ውስጥ የገባ አዲስ ነገር)፣ አንዳንዱም ሽርክ (በአላህ ማጋራት) ይለዋል። በዚህ ምክንያት በየመስጊዱ ጭቅጭቅ፣ አልፎም ዱላ የተነሳበት ጊዜ ነበር። ወንድሙን ያለ ማስረጃ ሙሽሪክ (አጋሪ) ያለ ሰው በድሏል፤ ወንድሙን ወሃቢ ብሎ ለካድሬ የጠቆመም በድሏል። ወሃቢ የሚለውን ስም ሰለፊዎቹ ራሳቸው አይጠሩበትም። ጸሐፊው ቢያንስ ሰው ራሱን በሚጠራበት ስም ሊጠሩት ይገባ ነበር።

አሕባሽ የተባለውም ሌላ እስልምና አይደለም። ሸይኽ ዐብዱላህ አል-ሐረሪ ከሐረር ወጥተው ቤይሩት የኖሩ፣ እ.ኤ.አ በ2008 እዚያው ያረፉ ዓሊም ናቸው። በፊቅህ ሻፊዒ፣ በዐቂዳ አሽዐሪ (ከሱኒ የዐቂዳ ትምህርቶች አንዱ) ነበሩ። ብዙ ዑለማዎች ተቃውመዋቸዋል፤ የተከተሏቸውም አሉ። አገራችን ውስጥ ነገሩ የከረረው ከ2003 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ትምህርቱ በሥልጠና መልክ ከላይ ሲወርድ ነው። ከጥር 2004 ጀምሮ አወሊያ (አዲስ አበባ ያለ የሙስሊሞች ትምህርት ቤት) ላይ የተነሳው ድምፅ ሦስት ነገር ጠየቀ፦ ይህ ትምህርት በግድ አይጫንብን፣ የመጅሊስ (የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት) ምርጫ ይደረግ፣ አወሊያ ነጻ በሆነ ቦርድ ይተዳደር። ጸሐፊው ይህን የሱፊና የወሃቢ ጦርነት አድርገው ነው ያቀረቡት። ከሦስቱ ጥያቄዎች ሱፊ ይጥፋ የሚል የቱ ነው? ከእኛ ሰፈር አወሊያ ድረስ በየጁምዓው ከሄዱት መካከል መንዙማ ሰምተው የሚያለቅሱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም የሁለቱም ወገን ዑለማዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአንድነት ስምምነት ሲቀበሉም በየቤቱ ደስታ ነበር። የመጅሊሱ ጣጣ በዚያ ቀን አላለቀም። ሆኖም ዑለማዎቹ አንድ አዳራሽ ተቀምጠው የተስማሙበትን፣ ጸሐፊው ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ሊያፈርሱት አይገባም።

ጸሐፊው ለማስረጃ ሙስሊሞች ሰባ ሦስት ቦታ ይከፈላሉ የሚለውን ሐዲስ አንስተዋል። ሐዲሱ አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ ጋ አለ፤ ቡኻሪና ሙስሊም አላሰፈሩትም። ከአንዱ በቀር ሁሉም የእሳት ናቸው የሚለውን ጭማሪ ኢብን ሐዝምን የመሰሉ ዑለማዎች አልተቀበሉትም። ከተቀበሉትም ብዙዎቹ ቁጥሩን ይዘው በሰው ላይ ስም መለጠፍን አልወደዱም። ጸሐፊው ሰባት ብለው ጀምረው ሰባ ሦስት ላይ መድረሳቸው ግን አልገባኝም። የትኛውን ይዘን ነው የምንቆጥረው?

የቀረው የእጁ ነገር ነው። እጁን አውርዶ የሚሰግድ ሰው ካያችሁ ሺዓ ነውና ተጠንቀቁ ብለዋል። የእኛ መስጊድ ውስጥ እጃቸውን አውርደው የሚሰግዱ አንድ አባት አሉ። ከአሶሳ በኩል የመጡ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም እንደዚያ ነው የሰገዱት። ማሊኪ ናቸው። ሱዳንና ሰሜን አፍሪካ ብትሄዱ ማሊኪዎች በአብዛኛው እንደዚያ ነው የሚሰግዱት። ጽሑፉ ከተሰራጨ በኋላ አንዳንድ ልጆች ከእሳቸው ጎን መቆም ትተው ሶፉን (የሶላት ረድፉን) ክፍት አድርገውት አይቻለሁ። እኚህ ሰው መስጊዱ ሲሠራ ድንጋይ የተሸከሙ ናቸው።

እሺ፣ ሺዓ ቢሆኑስ? የካይሮው አዝሃር ዩኒቨርሲቲ ሸይኽ የነበሩት ማሕሙድ ሸልቱት እ.ኤ.አ በ1959 በጃዕፈሪ (አሥራ ሁለት ኢማሞችን በሚከተሉት ሺዓዎች) መዝሀብ አምልኮ መፈጸም እንደሚቻል ፈትዋ ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ በ2005 ዐማን (ዮርዳኖስ) ላይ ከሃምሳ አገር የተሰበሰቡ ሁለት መቶ ያህል ዑለማዎች ስምንት መዝሀቦችን ዘርዝረው ተከታዮቻቸው ሙስሊም ናቸው፣ ከእስልምና ማውጣት አይቻልም አሉ። አራቱ የሱኒ፣ ሁለቱ የሺዓ፣ ከዚያም ኢባዲውና ዛሂሪው ናቸው። ማሊኪው ከአራቱ አንዱ ነው፣ ጃዕፈሪውም ከሁለቱ አንዱ ነው። እጁን ያወረደ ሰው በሁለቱም በኩል ሶፍ ውስጥ ቦታ አለው። ልጆቹ ነገ ሱብሒ ላይ ወደ እኚህ አባት ጎን ይመለሱ፤ ጸሐፊውም ያንን ምክር ከጽሑፋቸው አውጥተው መልሰው ያሰራጩት።